የምድር ትምህርትና የባሌ ተራሮች

የምድርን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ድንጋዩን በዓይኑ ካላየ ዕውቀቱ እንደማይጸና የታወቀ ነው። ለሮቤና ለጎባ ተማሪዎች ግን ይህ ሁሉ ከደጃቸው ተዘርግቶላቸዋል። ከጎባ በላይ ያለው የሰነቴ አምባ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ነው፤ ከዚያም ላይ ቱሉ ዲምቱ እስከ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዘመነ በረድ ግግር በረዶ በተራሮቹ ላይ እንደ ነበረ ምልክቱ እስከ ዛሬ ይታያል። ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ደግሞ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ፈልፍሏል።

ይህ ትምህርት ለመደነቅ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ውሃን በስንጥቁ ስለሚያሳልፍ፥ ከላይ የተጣለ ቆሻሻ ሳይጣራ ወርዶ ምንጭን ሊበክል ይችላል። ይህን ሳይመረምር ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሹም የሕዝብን ገንዘብም ጤናም አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ባለሥልጣኖች ለተማሪዎች የጉዞ ወጪ ሊቈርጡላቸው፥ ካህናትም ሕዝቡን ምንጩን እንዲጠብቅ ሊመክሩት ይገባል።