አልማዝ የሚፈራው ድንጋይ

አልማዝ ከድንጋይ ሁሉ የበለጠ ጠንካራ መሆኑን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ከዚህም የተነሣ ጫፉ አልማዝ የሆነ መሰርሰሪያ ከተገኘ ምድርን እስከ ፈለጉት ጥልቀት መብሳት ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱን ድንጋይ እንደ ጎመን እየቀረደደ የሚያልፈው ያው አልማዝ፥ በሌላው ድንጋይ ላይ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ተሸራርፎ ይወጣል። ጉዳዩ የጉድጓድ ቈፋሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ከከርሰ ምድር እንፋሎት የኤሌክትሪክ ኀይል ለማግኘት ከሚወጣው ገንዘብ ከፍ ያለውን ድርሻ ከሚወስዱት ሥራዎች አንዱ ጉድጓዱን መቈፈር ስለ ሆነ፥ በስምጥ ሸለቆ ላይ የምንኖር ሰዎች በሩቁ ልንመለከተው አይገባንም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በጥልቅ ጉድጓድ ሥራ ላይ የሚውለው አልማዝ ከጌጣጌጥ ሱቅ የሚገኘው ዓይነት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሊቃውንት በታላቅ ሙቀትና ግፊት ሰው ሠራሽ አልማዝ ለማውጣት ቻሉ። ከዚያም በ1970ዎቹ ዓመታት ደቃቁን የአልማዝ ዱቄት በኮባልት አማካይነት አያይዞ፥ ጠንካራ በሆነ የተንግስተን ካርባይድ መሠረት ላይ ማጣበቅ ተቻለ። ከዚህ የተገኘው፥ ከአንድ የልብስ ቍልፍ እጅግም የማይበልጥ ክብ ጥርስ ነው። የአልማዙ ሽፋን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያሉት ጥርሶች በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ በረድፍ ይተከላሉ፤ ይህንኑ ጫፍ ባለሙያዎቹ ቢት ይሉታል።

ከዚህ በፊት የነበረውና አሁንም ያልተተወው ቢት ጥርሳም መንኰራኵሮች ያሉት ነው። መንኰራኵሮቹ እየተንከባለሉ ድንጋዩን ይጨፈልቁታል። ባለ አልማዙ ግን እንደ አናጢ መላጊያ ይልጠዋል እንጂ አይጨፈልቀውም። ድንጋይ መጨፍለቅን ይቋቋማል፤ ሲልጡት ግን ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ ድንጋዩ ከተስማማው ባለ አልማዙ ከባለ መንኰራኵሩ በብዙ እጥፍ ሊፈጥን ይችላል።

የሚስማማው ድንጋይ የትኛው ነው? ጭቃው ጠጥሮ የተገኘ ድንጋይ፥ የጨው ድንጋይና የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ይስማሙታል። የአሸዋ ድንጋይ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። የአሸዋ ድንጋይ ከግራናይት ይልቅ በቀላሉ የሚፈረካከስ ሆኖ ሳለ፥ በውስጡ ያሉት የኳርትዝ ቅንጣቶች ግን ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ድንጋዩ ለሰው እጅ የላላ ሲሆን ለአልማዙ ክፉ ጠላት ይሆናል ማለት ነው። የኖራ ድንጋይም ቢሆን በሆዱ ባልጩት የሸሸገ እንደ ሆነ ይከዳል፤ በሰላም ይልጥ የነበረው ጥርስ ባልጩቱን በድንገት ሲገጨው ይሰበራልና። እንግዲህ የአልማዝ ጥርስ አሟሟት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ማለቅ ነው፥ ሁለተኛው መሰበር ነው። ሦስተኛ እንጨምር ካልን መቃጠል አለ። አልማዙን ያያያዘው ኮባልት ሲግል ከአልማዙ ይበልጥ ይለጠጣል፤ በጥርሱ ጫፍ ላይ ያለው ሙቀት ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይህ መለጠጥ አልማዙን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ኮባልቱን ከጥርሱ ፊት ላይ በአሲድ አጥበው ያወጡታል።

ማዕድን ፈላጊዎች የድንጋይ ናሙና ለማውጣት በሚጠቀሙበት ቢት ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ እንቈቅልሽ አለ። በዚህኛው ቢት ደቃቅ አልማዞች በብረታ ብረት ሊጥ ውስጥ ተበትነው ይጋገራሉ። ድንጋዩ ጠንካራ ሲሆን የሚመረጠው ለስላሳው ሊጥ ነው፤ ድንጋዩ የሚቦረቡርና የላላ ሲሆን ደግሞ ጠንካራው ሊጥ ይመረጣል። ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። ሊጡ በልክ እያለቀ ካልሄደ የዶለዶመው አልማዝ ከቦታው ሳይወድቅ ይቀራል፥ አዲሱም ብቅ አይልም፤ ቢቱ እንደ መስተዋት ለስልሶ በድንጋዩ ላይ ሲንሸራተት ይውላል። «ጠንካራ ድንጋይ ስለ ገጠመን ከሁሉ የጠነከረውን ላኩልን» ብሎ የሚጽፍ የዕቃ ግዥ ሹም፥ ቅን ሐሳብ ይዞ ሥራውን ያቆመዋል።

አሁን ወደ ዘመኑ ወሬ እንመለስ። በአሜሪካ በዩታህ ክፍለ ግዛት ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ፎርጅ የተባለ የምርምር ጣቢያ አለ። የአሜሪካ የኀይል ሚኒስቴር ይህን ቦታ የመረጠው በ2018 ዓ.ም. ነው። ዓላማው ውሃ የሌለበትን ትኩስ ግራናይት በስቶና ሰንጥቆ፥ ውሃ አሳልፎ ሙቀቱን ማውጣት ነው። በ2020 መጨረሻ ተጀምሮ በ2021 መጀመሪያ ያለቀው ጉድጓድ 3,349 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፥ ከታች ወደ ጎን በ65 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። የድንጋዩ ሙቀትም ከ200 ዲግሪ ይበልጣል። ግራናይት ለአልማዝ ጥርስ አይሆንም የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በዚህ ሥራ ተናጋ።

ለዚህ ያበቃቸው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ አዲስ አልማዝ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ጥርሶቹ ተሻሽለዋል። የበለጠውን ያስተማረው ግን የአሠራሩ ለውጥ ነው። ጠንካራ ድንጋይ ሲገጥም ብዙ ቈፋሪ ቢቱን እንዳይሰብር ፈርቶ ክብደቱን ይቀንሳል፤ በቀላሉ የተጫነ ጥርስ ግን ድንጋዩን ሳይነክስ እየፈተገና እየተንቀጠቀጠ ራሱን ይጐዳል። ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ሠራተኞቹን ያስተማሩት፥ አንድ መጠን ድንጋይ ለመቍረጥ የሚፈጀውን ኀይል በየጊዜው እየለኩ መሥራትን ነው። ኀይሉ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማረም እንጂ ማባበል አይጠቅምም። የወጣውም ቢት ሁሉ ተመርምሮ ለሚቀጥለው ትምህርት ይሆናል። በዚያው አካባቢ የሚቈፍረው ፈርቮ የተባለው ኩባንያ በ2024 ዓ.ም. የአንድ ጉድጓድ መቈፈሪያ ወጪ ከ9.4 ሚሊዮን ዶላር ወደ 4.8 ሚሊዮን መውረዱን አስታውቋል። ቍጥሩን የሰጠው ኩባንያው ራሱ ስለ ሆነ እኛ በጥንቃቄ ብናየውም፥ አካሄዱ ወዴት እንደ ሆነ ግን ያሳያል።

የቢት ዋጋ እንዴት እንደሚያታልል ለማሳየት አንድ የሂሳብ ምሳሌ እናቅርብ፤ ቍጥሮቹ ለትምህርት ብቻ የቀረቡ ናቸው። የመቈፈሪያው መኪና ኪራይ በሰዓት 1,500 ዶላር ይሁን፤ ያለቀውን ቢት አውጥቶ ሌላ ለመክተት ደግሞ 10 ሰዓት ይፍጅ። 15,000 ዶላር የተገዛ ባለ መንኰራኵር ቢት በ25 ሰዓት 100 ሜትር ቈፍሮ ቢያልቅ የአንዱ ሜትር ዋጋ 675 ዶላር ይሆናል። 60,000 ዶላር የወጣበት ባለ አልማዝ በ30 ሰዓት 300 ሜትር ቢሄድ የአንዱ ሜትር ዋጋ 400 ዶላር ነው፤ አራት እጥፍ የተከፈለበት ርካሽ ሆነ። ይኸው ውድ ቢት በ6 ሰዓት 60 ሜትር ሄዶ ቢሰበር ግን የአንዱ ሜትር ዋጋ 1,400 ዶላር ይደርሳል። ልዩነቱን ያመጣው ድንጋዩ ነው።

የአሉቶ ላንጋኖ ጉዳይም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፍረዋል፤ ጥልቁ ወደ 2,500 ሜትር የሚደርስ ሲሆን ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኝቷል። 7.3 ሜጋ ዋት ኀይል እንዲያወጣ የታቀደው ጣቢያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ በብልሽት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ቆሟል። ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜም ሁለት ጉድጓዶች ተጨምረዋል።

ታዲያ የዩታህን ቢት ገዝቶ አሉቶ ላይ መትከል ይበቃልን? አይመስለንም። የዩታህ ግራናይት ጠንካራ ቢሆንም አንዴ ከገቡበት በኋላ ለብዙ መቶ ሜትር ጠባዩ ብዙም አይለወጥም። አሉቶ ግን እሳተ ገሞራ በየዘመኑ የደራረበው ተራራ ነው። ከላይ የላላ አመድና ባልጩት፥ ከዚያ የሐይቅ ደለል፥ ባዛልት፥ እንዲሁም ከትኩስ አመድ የተጋገረ ድንጋይ ይከታተላሉ። የአልማዝ ጥርስ ከጥንካሬ ይልቅ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ አንዱ ጥርስ በላላው ውስጥ ሳለ ሌላው ጠንካራውን ይገጫልና። ከዚህም በላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ይበዛበታል፤ ቢቱን የሚያቀዘቅዘው ጭቃ በስንጥቁ ገብቶ ሲጠፋ ጥርሱ በደረቁ ይግላል። ስለዚህ ከዩታህ የሚወሰደው ትምህርት ቢቱ ሳይሆን መለካቱና መዝገቡ ነው፤ በአሉቶ ባለ መንኰራኵሩን በላይኛው ክፍል ማስቀረት፥ ባለ አልማዙንም ወጥ ድንጋይ በተገኘበት ጥልቀት መሞከር ይሻል ይሆናል። ይህን የሚወስነው ግን ቀድሞ በዚያው ስፍራ የሠሩት ቢቶች ታሪክ ነው።

በዚህ በኩል በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ሹማምንት አንድ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። የጨረታው ሰነድ የቢቱን ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ አሸናፊው ሁልጊዜ ርካሹ ነው። የአንድ ሜትር ዋጋ ቢጠየቅ ግን ተጫራቹ ስለ ድንጋዩ እንዲያስብ ይገደዳል። በውሉም ውስጥ እያንዳንዱ የወጣ ቢት ፎቶግራፍ እንዲነሣ፥ ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር እንደ ሠራና በየትኛው ድንጋይ እንደ ተጐዳ እንዲጻፍ፥ መዝገቡም ለባለ ጉድጓዱ መንግሥት እንዲሰጥ አንድ አንቀጽ ይጨመር። የጥርሱን ጉዳት ከዜሮ እስከ ስምንት በሚደርስ ነጥብ የመመዝገብ ልማድ በዓለም ያሉ ቈፋሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ስለ ሆነ፥ አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም፤ ቢቱ ወደ ቍርጥራጭ ብረት ክምር ከመጣሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይጠይቃል።