ትኩሳት ያለው ማነከስ

ልጅ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሁለት ቀን ቢያነክስ ማንም አይሸበርም። ወለምታ ነው ተብሎ ይታሻል፣ ይድናል። ትኩሳት ከተጨመረበት ግን ወለምታ የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ወለምታ ገላ አያነድድም።

ብጉንጅን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይፈነዳል። አልፎ አልፎ ግን መግል በጥልቅ ጡንቻ ውስጥ ይቋጠራል፤ በታፋ፣ በመቀመጫ፣ ወይም ሶአስ በሚባለው፣ ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ በሆድ ጀርባ አልፎ ከጭን አጥንት ጋር በሚያያዘው ጡንቻ። ቆዳው ደህና ይመስላል፤ ቢዳሰስም እብጠቱ ላይገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ አምጪው ስታፊሎኮከስ ኦሬስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከቆዳ ቁስል በደም ተጉዞ ይሰፍራል፤ በምት የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ ይመቸዋል። ስለዚህ "ወድቆ ነው" የሚለው ወሬ ውሸት ባይሆንም ሙሉ ታሪኩ አይደለም።

ሶአስ ሲታመም ልጁ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ያጥፋል። እግሩን ልትዘረጉለት ስትሞክሩ ይጮኻል። ወገቡን፣ ጎኑን ወይም ብሽሽቱን ያመዋል። ትኩሳት፣ ሕመምና ማነከስ ሦስቱም አብረው እስኪመጡ አትጠብቁ፤ በአብዛኛው አብረው አይታዩም። የዳሌ መገጣጠሚያ ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ምልክት አለው፤ እሱም በዚያው ቀን ሐኪም ይፈልጋል።

በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት አያት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ልጁ ሦስት ጊዜ ታሽቷል፤ የታይፎይድ መድኃኒትም ጨርሷል። "ማታ ማታ ገላው ይነድዳል፣ እግሩንም አይዘረጋልኝም" አሉ። ሐኪሙ አልትራሳውንድ ያዘዘው ይህን ሰምቶ ነው። በማግስቱ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ መግል ተቀዳለት።

ወጌሻን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ለወለምታ የሚያውቁ እጆች አሉ። መግል የያዘ ጡንቻ ግን መታሸት የለበትም። ዲክሎፌናክ እያስወጉ መሰንበትም ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ አያድንም።

ራጅ "ንጹህ ነው" ቢባል አትዘናጉ፤ ራጅ በዋናነት አጥንት ያሳያል። መግሉ የሚታየው በአልትራሳውንድ፣ ጠለቅ ካለም በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ነው። ገና ካልቋጠረ አንቲባዮቲክ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ከቋጠረ ግን በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ወይም በቀጭን ቱቦ፣ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። የወጣው መግል ለምርመራ ይላክ እንደሆነ ጠይቁ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚታወቀው በዚያ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ተጀምሮ በእንክብል ይቀጥላል፤ ሳምንታት ይፈጃል።

በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም መዘንጋት የለበትም። መግሉ ቀስ ብሎ ይጠራቀማል፤ አይቀላም፣ አይሞቅም። አንዳንዴ ወደ ብሽሽት ወርዶ ቡአ ይመስላል። የቆየ የወገብ ሕመም፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበትን ሰው፣ አያትም ይሁን ልጅ፣ አስመርምሩት። መድኃኒቱ እስከ አንድ ዓመት ሊወሰድ ይችላል።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ በቅርብ የነበረ ቁስል ወይም ብጉንጅ ካለ፣ የተወሰደውንም መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ። ቤት ከተመለሰ በኋላ እግሩ ጥቂት ቀናት ቢገትር አትጎትቱት፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያችሁን እንቅስቃሴ ብቻ አሠሩት። ትኩሳቱ ካገረሸ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ውሰዱት።