ከፍርድ በኋላ የሚጀምረው የቀለብ ጥያቄ

እናትና ልጅ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ይኖራሉ፤ አባት አዲስ አበባ ይሠራል። የጅማ፣ የአምቦና የጎጃም መንገዶች በየማለዳው ሠራተኛውን ወደ መዲናዋ አስገብተው ማታ ይመልሱታል። ትዳር ሲፈርስ ግን ይህ አጭር መንገድ ሁለት የፍርድ ቤት ሥርዓቶችን የሚለይ ወሰን ይሆናል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የዳኝነት ወሰኑ ከነበረበት አልተነሣም።

ልጅ ከወላጆቹ ቀለብ የማግኘት መብት እንዳለው አከራካሪ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በኦሮሚያ ክልል ደግሞ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995 አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም እኩል መብት እንዳለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ይደነግጋል። ቀለብ ሲባልም እህል ብቻ አይደለም፤ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ያካትታል።

ቅሬታው የሚበዛው ከውሳኔው በኋላ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የፌዴራሎቹ አማርኛ። ሰበታ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ባለዕዳው ወይም ንብረቱ ባለበት አዲስ አበባ እንዲፈጸም መዝገቡ መተላለፍና መተርጎም አለበት። ልጅ ያዘለች እናት ለትርጉም፣ ለግልባጭና ለትራንስፖርት የምታወጣው ገንዘብ አንዳንዴ ከአንድ ወር ቀለብ ይበልጣል።

ጊዜም አይጠብቃትም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት መክፈያው ከደረሰ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለተቀባዩ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል። «ዛሬ ነገ ይሰጠኛል» ብላ በትዕግሥት የጠበቀች እናት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። ትዕግሥቷ በሽማግሌ ዘንድ ያስመሰግናታል፤ በመዝገብ ላይ ግን ለሙግት ይዳርጋታል። ስለዚህ ክፍያው እንደተቋረጠ የአፈጻጸም አቤቱታ ማስገባት ይገባል።

አባት የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ፍርድ ቤት አሠሪውን ከደመወዝ ቀንሶ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። ደላላ፣ የቀን ሠራተኛ ወይም ሹፌር ሲሆን ግን «ንብረቱን አሳዪ» የሚለው ጥያቄ በእናትዮዋ ላይ ይወድቃል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን ራሱን ጠርቶ ስለ ሀብቱ እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህን ማድረግ ልማድ ቢሆን ኖሮ ብዙ እናቶች ከምልልስ ይድኑ ነበር።

የገበሬው ነገር ለብቻው ይታያል። ለኑሮው የሚያስፈልጉት የእርሻ መሣሪያ፣ ከብትና ዘር ከመያዝ የተጠበቁ ናቸው፤ ገቢውም በየወሩ ሳይሆን በመኸር ነው። በሱሉልታ ገጠር ለሚያርስ አባት ወርኃዊ ገንዘብ ብቻ መወሰን ያልተፈጸመ ፍርድ ማከማቸት ነው። የቀለብ መጠን በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ስለሚለካና ሊሻሻልም ስለሚችል፣ መክፈያው ከአዝመራው ጋር እንዲስማማ መጠየቅ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ቅሬታ የት ይቀርባል? የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ያለ ክፍያ ይመረምራል፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን ግን አያይም። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ቢከለክል ወደዚያ መሄድ ይቻላል። መዝገብ ያለ በቂ ምክንያት ሲጓተት አቤቱታው ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። የዳኝነት መክፈል የማትችል እናት በድህነት ክስ ለማቅረብ ማመልከት ትችላለች። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክል ወላጅም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 በአቤቱታ ይጠየቃል፤ ሆኖም የታሰረ አባት ደመወዝ አያገኝምና ይህን መንገድ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ቢያቆዩት ይሻላል።