ከሌንሱ በፊት ልኬቱ

«ልጄ፣ አንተ ዶክተር አይደለህ? እስቲ የትኛው ሌንስ እንደሚሻል ንገረኝ» አሉኝ፣ ለቡ መብራት ኃይል ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት። ዶክትሬቴ የፊዚክስ መሆኑን ባስረዳቸውም አልሰሙኝም። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደዋል፤ ውጭ አገር ያለችው ልጃቸውም ቅርቡንም ሩቁንም ያሳያል የተባለውን ውድ ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ ልትገዛላቸው ቆርጣለች።

ችግሩ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያስከትለው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተክል የመረጠው የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት የሚሠራበትን ዓይነት ፕላስቲክ ነበር፤ ስብርባሪው የአብራሪዎችን ዓይን እንደማያስቆጣ አስተውሎ ነበርና። ያው ጠንካራ ሌንስ ዛሬም ያገለግላል። ተጣጣፊው አክሪሊክ በጠባብ ቀዳዳ በመግባቱ ይመረጣል እንጂ ብርሃንን የሚሰብረው በዚያው ሕግ ነው።

ባለ ብዙ ትኩረቱ ሌንስም ብርሃን አይፈጥርም፤ የገባውን ይከፋፍላል። ለቅርብ የሰጠውን ከሩቅ ይቀንሳል። ስለዚህ በጨለምለም ሥፍራ ነገሮችን ለይቶ ማየት ይከብዳል፤ ማታም በመብራቶች ዙሪያ ቀለበት ሊታይ ይችላል። የሰፈራችን ስም መብራት ኃይል ቢሆንም፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ደረጃ ለሚወርዱ አረጋዊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስለ ሌንሱ ዓይነት ይህን ያህል ሲወራ ስለ ኃይሉ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። የዓይን ርዝመት ሲለካ የ1 ሚሊሜትር ስሕተት ቢፈጠር የሌንሱ ኃይል 2.5 ዳዮፕተር ገደማ ይዛባል። ስሕተቱ ወደ ቅርብ ማየት ካዘነበለ ከ40 ሳንቲሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፤ የትኩረት ርቀትን የተማረ አንባቢ ራሱ አስልቶ ሊደርስበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኔፓል የተደረገ ጥናት ርካሹን በእጅ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ከውዱ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ 6/18 ወይም የተሻለ እይታ ያገኙት ያለ መነጽር 89 እና 85 በመቶ፣ በመነጽር ግን በሁለቱም ወገን 98 በመቶ ነበሩ። መነጽር የሞላው ይህ ጉድለት፣ በእኔ ንባብ፣ በአብዛኛው የልኬት ጉዳይ ነው።

ለልጃቸው በስልክ «ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት የዓይናቸው ርዝመትና የኮርኒያቸው ጉብጠት በመሣሪያ መለካቱን አረጋግጪ» አልኳት። እናቲቱ የጠየቁኝ ሌላ ነበር፤ «ዳዊቴን ማንበብ እችላለሁ?» በባለ አንድ ትኩረቱ ከሆነ ለንባብ መነጽር እንደሚያስፈልጋቸው ነገርኳቸው።

«መነጽርማ ድሮስ መቼ ተለይቶኝ ያውቃል?» አሉ።