በገና የ55 ቀን ዕቃ አይደለም

ማር ለአህያ አይጥማትም ሲሉ አባቶች የነቀፉት የቀማሹን ምላስ ነው እንጂ ማሩን አይደለም። ዛሬም በዐቢይ ጾም ከየካ ከሾላ ገበያ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ዳገት ድረስ የዓለሙ አጋ በገና በየሱቁ ሲሰማ፣ አንዱ ገንዘብ ይቈጥርበታል፤ ሌላው በዋጋ ይከራከርበታል። ትንሣኤ በዋለ ማግሥት ግን በገናው እንደ ክረምት ካባ ታጥፎ ይቀመጣል።

ይህን ልማድ የሚደግፉ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። በመጀመሪያ፣ በገና የጾም ነውና በፍስክ ማሰማት አይገባም ይላሉ። ጾም የልብ መስበሪያ ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በገናው የሚያስተምረው የዚህን ዓለም ኃላፊነትና የነፍስን ንስሐ ነው። ሞት ጾምና ፍስክ ለይቶ አይመጣም። ትምህርቱ የዓመት ሲሆን ተማሪው የ55 ቀን የሆነው በማን ፍርድ ነው?

ሁለተኛም፣ ዜማው አንድ ዓይነት ነውና እንቅልፍ ያመጣል ይላሉ። ይህ ሳይሰሙ መፍረድ ነው። ዐሥሩ አውታር ከበግ አንጀት የተከረረ ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቍራጭ ቁርበት፣ እንዚራ የሚባለው፣ ያን የሚያጉረመርም ንዝረት ይሰጠዋል። ዜማው የማይቸኩለው ቃሉ እንዲለይ ነው፤ ድምፁም ዝቅ ያለው ለአደባባይ ሳይሆን ለአንድ ልብ ስለሚናገር ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. «የንጉሥ ዳዊት በገና» ተብሎ፣ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ 11ኛ ሆኖ በፈረንሳይ አገር የታተመው ሥራቸው ለዚህ ምስክር ነው። መጀመሪያ ሲሰማ በጆሮ የሚቀረው ንዝረቱ ብቻ ነው፤ ሲደገም ሰሙ ይታያል፤ ሲሠለስ ወርቁ ይወጣል። ቅኔን አንድ ጊዜ ሰምቶ ፈታሁ ያለ ተማሪ በየትኛው ጉባኤ ተመስግኖ ያውቃል?

የነገሩም ዋጋ ከታሪኩ ይታወቃል። በእንጦጦ የተወለዱት ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተምረው፣ በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን መንፈሳዊ ዜማ ከራዲዮ ተወገደ፤ የበገናውም ትምህርት ተቋረጠ። ከዚያ መከራ ተርፎ የመጣ ዜማ ዛሬ በአድማጭ ቸልታ ቢጠፋ፣ በማን ይፈረዳል?

እንግዲህ አስተዋይ ሰው በመስከረምም ሆነ በግንቦት፣ ደጁን ዘግቶና ሥራውን አቁሞ፣ አንዱን መዝሙር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ይስማ። ይህን ያላደረገ ግን ስለ ማሩ አይናገር።