ሁለተኛውስ?

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች «ማን ይበልጣል?» ክርክራችን መቼም አያልቅም። በ2011 ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊጉ አንድ ምድብ ነበሩ፤ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው ግን የምድቡ አንደኛ ሰበታ ከተማ ብቻ ነው። ይገባዋል፣ ጥያቄ የለኝም። ግን አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ታግሎ በአንድ ነጥብ ሁለተኛ ቢወጣስ? ከአምስተኛው እኩል እዚያው ይቀራል።

ለሁለተኞች ዕድል መስጠት እኛ ጋ አዲስ ነገር አይደለም። በ2013 የትግራይ ክለቦች ባልነበሩበት ጊዜ፣ የሦስቱ ምድብ ሁለተኞች ከፕሪሚየር ሊጉ ግርጌ ቡድኖች ጋር ሀዋሳ ላይ ተጋጥመዋል። ከታች የመጣ አንድም አላለፈም (ያስቆጫል!)፣ ቢሆንም ሜዳ ላይ ተሸነፉ እንጂ በወረቀት አልቀሩም። ታዲያ በየዓመቱ ቢደረግ ምን ችግር አለው? በጀት ከሆነ፣ የምድብ ሁለተኞቹ አንድ ከተማ ላይ እርስ በርስ ይጫወቱ፤ አሸናፊው ከፕሪሚየር ሊጉ ወራጆች ከአንዱ ጋር ይለይለት።