ቆቡን ቀዶ የሰፋው መነኩሴ

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላል ያገሬ ሰው። የሚተርተው በመነኩሴው ለመሳቅ ነው። እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ለመነኩሴው ጠበቃ ልቆምለት ነው። ሰውዬው ቢያንስ ቢያንስ መስፋት እንደሚችል አወቀ አይደለም እንዴ? ለመሆኑ ከኛ መሐል ወንበሩን ቢነጠቅ ምን እንደሚችል የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገልኩበት መሥሪያ ቤት «አዲስ መዋቅር መጣ» አለ። መዋቅር ሲመጣ ምን እንደሚከተል የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ዝርዝሩ ተለጠፈ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ከታች ወደ ላይ ደገምኩት፤ ስሜ የለም። በቃ! አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ነጭ ወረቀት ተዘጋ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። ጠዋት ሸሚዜን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቤ እወጣለሁ። ጎረቤት ሥራ የሄድኩ ይመስለዋል። እኔ ግን አራት ኪሎ፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ እውላለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «ደክሞኛል» እያልኩ እገባለሁ። በእውነትም ይደክመኝ ነበር። የሌለ ሥራ እንደመሥራት የሚያደክም ምን አለ? አንድ ማታ ባለቤቴ «እስቲ ይሄን ቦርሳ አስቀምጥና ቤት ዋል። የኔ ደሞዝ ለሽሮ አያንስም» አለችኝ። እረፍቴ የጀመረው ያን ማታ ነው።

በሦስተኛው ወር አንዲት ጎረቤታችን ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንተ የቢሮ ሰው ነህ፤ እስቲ እየው» አሉኝ። ባላቸው ሞተውባቸዋል። የሟች ጡረታ ግማሹ ለሚስት እንደሚገባ ሕጉ ይናገራል። እሳቸው ግን «ነገ ይምጡ» እየተባሉ ስምንት ወር ተመላልሰዋል። ወረቀቱን አንድ በአንድ አየሁት። የሟቹ ስም በጋብቻው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት፣ በሥራ ማኅደራቸው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። ችግሩ ይኸው ነበር! ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ማመልከቻውን ጽፌ፣ ማስረጃውን አያይዤ፣ አብሬያቸው ሄድኩ። ገንዘቡ ሲለቀቅላቸው የመረቁኝ ምርቃት በአሥራ ስምንት ዓመት ካገኘሁት የደሞዝ ጭማሪ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከሳቸው በኋላ ሌላ ሰው መጣ፤ ከዚያም ሌላ። የሰፈራችን ዕድር ደግሞ የተምታታ የሒሳብ መዝገቡን አሸከመኝ። እሱንም አቃናሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ በየግምገማው የሚደርስብኝ ሂስ አንድ ነበር፤ «ይዘገያል፣ አንድ ወረቀት አምስት ጊዜ ያነባል» እባላለሁ። እኔም «ድክመቴ ነው፣ ተቀብያለሁ» እያልኩ ራሴን ስሂስ ኖርኩ። ያችን ወይዘሮ ከስምንት ወር ምልልስ ያወጣቸው ግን ያው ድክመቴ ነው! ከአምስት ጊዜ ባነሰ ባነበው ኖሮ የስሙን ስሕተት አላገኘውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደብተር ገዝቼ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ሰዎች ሳይከፍሉኝ ለምን ጉዳይ ይፈልጉኛል? ምን ስሠራ ነው ሰዓቱ የማይታወቀኝ? አለቆቼ ሁልጊዜ የሚወቅሱኝ በምንድን ነው፣ ያ ወቀሳ ሌላ ቦታ ቢሄድ ምን ይባላል? መልሱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። ዛሬ የምተዳደረው ማመልከቻና የሒሳብ መዝገብ በመሥራት ነው። ሀብታም አልሆንኩም። ደረቴን ነፍቼ ግን እሄዳለሁ።

«እና ምን ይጠበስ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚጠበሰው ይሄ ነው፤ ያለ ወንበሩ ምን እንደሚችል የማያውቅ ሰው ወንበሩን ለሰጠው ሁሉ ያጎነብሳል። ስብሰባ ላይ ያላመነበትን ያጨበጭባል። ጓደኛው ያለጥፋቱ ሲባረር ጣራ ጣራውን ያያል። እኔም አይቻለሁ፤ አልዋሽም። ክፉ ሆኜ አልነበረም፤ «እኔስ ብባረር ምን ሠርቼ እበላለሁ?» ብዬ ነው። ገዢዎቻችን ይህን ጥያቄ አሳምረው ያውቁታል። ትናንት ግምገማ ነበር፣ ዛሬ መዋቅርና የብቃት ፈተና ሆኗል፤ ፍርሃቱ ግን ስሙን እንኳ አልቀየረም።

በ1985 ዓ.ም. ከአርባ የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም አንዱ ነበሩ። ወንበሩ ተወሰደ፤ ዕውቀታቸውን ግን ማን ይወስደዋል? ነቢይ መኮንንም በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሰጠን። እስር ቤት እረፍት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ! ሁሉ ነገር ሲነጠቅ የማይነጠቅ አንድ ነገር በሰው ውስጥ እንደሚቀር ግን ምስክር ነው።

አንድ ነገር ልመን። እኔ ያረፍኩት የሚስቴ ደሞዝ ስለነበረ ነው። ባገራችን የሥራ አጥ መድን የሚባል የለም። ልጆቹ ጦማቸውን የሚያድሩበትን ሰው «ዐርፈህ ራስህን ፈልግ» ማለት ቀልድ ነው። «ያባረሩህ ለበጎ ነው» የሚለውንም አለቃ አልወደውም። በደል በደል ነው፤ ተበዳዩ ቢበረታ ምስጋናው ለበዳዩ አይሰጥም።

ስለዚህ ምክሬ ሳትባረሩ ጀምሩት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት እንኳ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱን በለቅሶና በሠርግ ብቻ አትጨርሱት። ጥቂት ቀን ቆርሳችሁ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። የሚፈራችሁ ጎረቤት፣ የሚስቅባችሁ ዘመድ ይኖራል። ይሳቅ!

መነኩሴውም ሲሳቅበት ኖሯል። ቆቡ ግን በራሱ እጅ የተሰፋ ነው፤ ሌላ ሰው ያጠለቀለት አይደለም።

ቸር ይግጠመን።